ስለ አባ ናፍጣ እና ስለ ርካሹ የብረት ሽጉጥ ፈተና

በዓመተ ስርቆት፣ ይኸውም የሣር ማጨጃው ከጓሮ ቤት ተነሥቶ ባልታወቀ እጅ በሄደበት ዓመት፣ በአርካንሶ ምድር፣ በፕላም ክሪክ ከተማ፣ የባለ ዐሥራ ስምንት ጎማው መስፍን፣ የአውራ ጎዳናው አንበሳ፣ የበረዶ ዶሮ አመላላሹ፣ ከላሬዶ እስከ ኦሃዮ ያለውን የማደያ ቡና ሁሉ ቀምሰው መራራነቱን የመሰከሩት፣ በፈረሳቸው ስም አባ ናፍጣ የተባሉት ክቡር ቨርሊን ስትራውድ፣ መንጃ ፈቃድ ተቀብተው በመንገድ ላይ በነገሡ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ይህ ታላቅ ገድል ተፈጸመ። እኔም ጸሐፊው፣ አጥር የምጋራቸው ጎረቤታቸው፣ ያየሁትን ሳልጨምር፣ ያሳፈረኝንም ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ ከማጨጃው ስርቆት በኋላ በሚስታቸው በእቴጌ ኔልዳ ልብ ፍርሃት ገባ። ክቡርነታቸው ሰኞ ወጥተው አርብ የሚመለሱ ስለሆነ፣ እቴጌይቱ አራቱን ሌሊት ጆሮዋ ከማይሰማ አንዲት አሮጊት ውሻ ጋር ብቻቸውን ያድሩ ነበርና። ስለዚህም በእሑድ ምሳ፣ የተጠበሰ አምባዛና ባሚያ በቀረበበት ገበታ ላይ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማኝ ቨርሊን፣ ማጨጃው ይቅር፣ ድሮም በግድ ነበር የሚነሳው። እኔን ያስፈራኝ፣ ነገ ደግሞ ቤት ይገባል ብዬ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። የመኖ ወፍጮው እስከ ወሩ መጨረሻ የሾፌር ቦታ እይዝልሃለሁ ብሎህ የለ? ግባበትና ማታ ማታ ቤትህ እደር በቃ!»

ክቡርነታቸው ግን የዚህን አዋጅ ግማሹን ብቻ ሰሙ። «ያስፈራኝ» የሚለው በደህናው ጆሯቸው ገባ፤ «ቤትህ እደር» የሚለው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ባደነቆረው ጆሯቸው በኩል መጥቶ ውጭ ቀረ። ደግሞስ የወፍጮው መኪና ባለ ዐሥር ጎማ አይደለም? ከዐሥራ ስምንት ጎማ ወደ ዐሥር መውረድ ለአንድ መስፍን የግዛቱን እኩሌታ እንደ መነጠቅ ስለሆነ፣ አባ ናፍጣ ሌላ መፍትሔ ሽተው በማግስቱ ላሬዶ ከመሄዳቸው በፊት በሽጉጥ መሸጫው ደጃፍ ቆሙና ባለ ዘጠኝ ሚሊ፣ አካሉ ከእግር እስከ ራሱ ብረት የሆነ፣ ኪሎ ከምናምን የሚመዝን፣ ዋጋው ከአራት መቶ ዶላር በታች የሆነ ሽጉጥ ገዙ። ሲወጡም፦ «ቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ተጠብቋል» ብለው አወጁ፤ ወዲያውም ሽጉጡን በሻንጣው ቆልፈው ለአምስት ቀን ጠፉ።

በዚህ አገር ግን ሽጉጥ ስለተገዛ ብቻ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ አንድ አንድ ካዝና ተኩሶበት አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከዚያም አምስት መቶ ጥይት ሳይነክስ፣ ማለትም ሳይቀረቅር፣ መተኮስ አለበት፤ በመካከል አንዲት ጥይት ከነከሰ፣ አራት መቶ ዘጠና ዘጠነኛዋም ብትሆን፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ የሚያውቅ የለም፣ የሚጥሰውም የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ አባ ናፍጣ በአሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነሆ፦ ተኩስ ሲኖር የሚሰቀለው የቀይ ባንዲራ ጠባቂ፣ የሜዳው ሥዩም ዶይል፤ በሽጉጥ መሸጫው ደጃፍ ዐሥር ዓመት ቆሞ አንድም ነገር ሳይገዛ ሁሉን ያወቀው ሆባርት፤ ቀለህ ለቅሞ በጋራዡ ጥይት የሚሞላው፣ ባለ ታጣፊ ወንበሩ ዌንደል፤ እኔ ጸሐፊው ከደብተሬ ጋር። ገና ተኩስ ሳይጀመር ጉባኤው፣ እንደ ቀድሞው ዘመን የሃይማኖት ክርክር፣ በብረት ሽጉጥና በፕላስቲክ አካል ሽጉጥ ወገን ተከፈለ። ሆባርት ከፕላስቲክ ወገን ሆኖ፦ «ወንድሜ፣ ይኼ ሽጉጥ ነው መልሕቅ? ታጥቀኸው ብትሄድ ሱሪህ እኮ ይወልቃል!» ሲል አወጀ። አባ ናፍጣም ዐሥር ጥይት ተኮሱ፤ ዐሥሩም አንድ ብስኩት ሊሸፍነው በሚችል ቦታ አረፉ፤ ብረቱ ከባድ ስለሆነ እንደ ቀላሎቹ አይራገጥም ነበርና። ሆባርትም አንድ ካዝና ተኩሶ ሃይማኖቱን ለወጠ።

ነገር ግን በመቶ ሰማንያ ሰባተኛው ጥይት ላይ ሽጉጡ ነከሰ። ጉባኤው ተመካክሮ፣ አዲስ ብረት መላመድ ይፈልጋል ብሎ ፈረደና ቆጠራው ከዜሮ ተጀመረ። በሁለተኛው ቅዳሜ አራት መቶ ሠላሳ ላይ ደርሶ ደግሞ ነከሰ፤ አሁን ግን ጥፋቱ ከዌንደል የጋራዥ ጥይት ሆኖ ተገኘ። ዌንደልም በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፦ «የኔ ጥይት በሃያ ዓመት ውስጥ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም! መጀመሪያ ሽጉጥህን ቅባ!» ብሎ አወጀና ሦስት ቀን አኮረፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ክቡርነታቸው የፈተናውን የቤት ጥበቃ ክፍል ጀመሩ። እቴጌ ኔልዳ «ሽጉጥ ይዘህ ሳሎኔ ውስጥ አትሮጥም፣ ሰምተሃል?» ብለው ስላወጁ፣ ሽጉጡ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ተተክቶ፣ መስፍኑ በቅዳሜ ረፋድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአልጋቸው ዘለው ተነሥተው፣ ኮሪደሩን ተሻግረው፣ የውሻዋን ጅራት ረግጠው፣ በዘጠኝ ሰከንድ ሳሎን ደረሱ። ጠላት አልነበረም። ከሰዓት በኋላም በፋብሪካ ጥይት አምስት መቶውን ያለ አንዳች እንከን ተኩሰው ጨረሱ፤ ዶይል ባንዲራውን ዝቅ አደረገ፤ እኔም በደብተሬ ክብደቱን፣ የቃታውን ልስላሴ፣ የማነጣጠሪያውን ማነስ፣ የእጀታውን እንጨት ሳይቀር ሠላሳ አንድ ነገር መዝግቤ፣ ግሩም ነው ብዬ ፈረምኩ። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስለ መኖ ወፍጮው ማንም አላነሣም።

በአራተኛው ቅዳሜ፣ የወሩ መጨረሻ በሆነችው፣ እቴጌ ኔልዳ ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት ወደ ሜዳው ተጋበዙ። አባ ናፍጣ ሽጉጡን በጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ደረታቸውን ነፍተው አወጁ፦ «ነይ እንጂ ኔልዳ! ያንቺው ነው። አቀባብለሽ ተኩሺ!»

እቴጌይቱም የጆሮ መከላከያውን አድርገው፣ ሽጉጡን አንሥተው፣ ጥይቱን ለማጉረስ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ሳቡ። ብረቱ የጥፍር ያህል ተንቀሳቅሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግመው ሳቡ። ያን ጊዜ ከግራ ከቀኝ አዋጅ ዘነበ። ሆባርት፦ «በጣትሽ አይደለም እመቤት፣ በመዳፍሽ ጨምድጂው!» ዌንደል፦ «አትሳቢው፣ ታችኛውን ግፊው!» ዶይል ደግሞ፦ «አፈሙዙ ወደ ኢላማው! ወደ ኢላማው ብቻ!» እቴጌይቱ በአራተኛው ሙከራ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቡና ሽጉጡን፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ፣ በቀስታ አስቀመጡት። ጣቶቻቸውንም በሌላው እጃቸው አሹ።

እነዚያ እጆች ሃያ ሁለት ዓመት በዶሮ ፋብሪካው መስመር ላይ ቆመው፣ በብርድ ውስጥ፣ አጥንት ከሥጋ ሲለዩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይጨበጡም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማርማላታቸውን ክዳን የምከፍትላቸው እኔ ራሴ ነኝ፣ ባለፈው ማክሰኞም ከፍቼላቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ነገር ስመዘግብ ግን ትዝ አላለኝም። አፈርኩ።

ሆባርት ግን ማፈር የሚባል ነገር ስላልተፈጠረበት ወዲያው አወጀ፦ «ምን ችግር አለው? ቨርሊን ሰኞ ሲወጣ አቀባብሎ ራስጌሽ ያስቀምጥልሽ። አንቺ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው!»

እቴጌ ኔልዳም መልሰው አወጁ፦ «እሺ ሆባርት፣ አርብ ጨልሞ በሬን ከፍቶ የሚገባው ማን ሆነና? በሠላሳ ዓመት ውስጥ በጨለማ ቤቴ የገባ ሰው ቢኖር ይኼ ባሌ ብቻ ነው። እሱን ልምታልህ?» ከዚያም ወደ መስፍኑ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አምስት መቶ ጥይት ተኮሳችሁ፣ አንዳችሁም እስቲ እጅሽን አሳዪኝ አላላችሁኝም። እኔ እኮ ሽጉጥ አልጠየቅኩም ቨርሊን። አንተን ነው የጠየቅኩት።»

ዌንደል ወንበሩን አጠፈ። ሆባርት ጫማውን አየ። አባ ናፍጣ፣ ከላሬዶ እስከ ኦሃዮ ድረስ በማንም የማይቀደሙት፣ የሚስታቸውን እጅ ይዘው፣ ገልብጠው፣ አንድ ሰው የማያውቀውን ካርታ እንደሚያይ ለረዥም ጊዜ አዩት። በመጨረሻም በዘመነ መንግሥታቸው አጭሩን አዋጅ አወጁ፦ «ወፍጮ ቤቱ ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«እስከ ስምንት» አሉ እቴጌይቱ።

ሰባት ከሩብ ሆኖ ነበር። መስፍኑ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተው በሻንጣው ቆለፉት፣ ቀለሁን ለዌንደል ተዉለት፣ የኮፍያቸውን አቧራ አራግፈው ሄዱ። ሺህ ምናምን ጥይት ላስጨረሰ ጉዳይ የወፍጮ ቤቱ የሥራ ቃለ መጠይቅ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

የጉባኤው የመጨረሻ ፍርድ በተኩስ ሜዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእኔ እጅ ተጽፎ ተሰቀለ፤ ቃሉም ይህ ነው፦ «ለሜዳ ተኩስ፣ በዋጋው አቻ የለውም፤ ከባድ ነው፣ አይራገጥም፣ በደህና ጥይት አይነክስም። ለቤት ጥበቃ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ በእጁም አቀባብሎ ይሞክረው፤ እናንተ ከመተኮሳችሁ በፊት።» ሆባርት ከሥሩ በእርሳስ «እኔ ብዬ ነበር» ብሎ ጨመረበት። አላለም።

አባ ናፍጣም በባለ ዐሥር ጎማው ነገሡ። የረዥም መንገድ ሾፌሮች «የዶሮዎች አሳላፊ» የሚል ማዕረግ ሰጧቸው፣ በሬዲዮም ይንጫጩባቸዋል፤ የመኖ ብናኝ ቅንድባቸውን እንደ ሽማግሌ አንጥቶታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ያንን ሽጉጥ ይተኩሳሉ፣ ደህና አድርገው ይመታሉ።

እንግዲህ ምስጋና ለአውራ ጎዳናው አንበሳ ይሁን፣ ስምንት ጎማ በገዛ ፈቃዱ ላጣው፣ ግዛቱን ከሁለት ሺህ ማይል ወደ ሠላሳ ማይል ላጠበበው፣ በአራት ቅዳሜና በሺህ ምናምን ጥይት፣ ሌላው ሰው አንዴ ተነግሮት የሚገባውን ነገር ለተረዳው ታላቅ መስፍን! ከእርሱ በፊት የነበሩ ባሎች እንዲህ ቶሎ አልተረዱም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩና ብቻዬን የምኖረው ለዚህ ነው። ትናንት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአጥሩ በኩል አየሁ። የመኖ መኪናው ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ወደ ግቢ ገባ፤ ከስርቆቱ ወዲህ ጎማ በሰሙ ቁጥር መጋረጃ ገልጠው የሚያዩት እቴጌ ኔልዳ ግን በመስኮቱ አልታዩም፤ ከውስጥ ድስት ሲያማስሉ ብቻ ይሰማ ነበር።