የትንሹ ልክ ካርድ

ሰው ሲያዛችሁ ቢያንስ ፊቱን አይታችሁ ትለማመጡታላችሁ፤ ካልሆነም በሆዳችሁ ትሰድቡታላችሁ። ካርድ ሲያዛችሁስ ምን ትሉታላችሁ? ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የሚጮኸውን ካድሬ ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን ድምፅ የሌለው ነገር ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የወታደር ልብስ በሚሰፋበት አንድ ቤት መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ኢንጂነራችን ከጃፓኖች የተማረውን ዘዴ አመጣልን። በየልብሱ እስር ላይ ልኩ የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠላል፤ ደሴ ያለው ማከፋፈያ እስሩን ሲፈታ ካርዱን ይመልስልናል፤ እኛም በተመለሰው ካርድ ልክ ብቻ እንሰፋለን። ካርድ ካልመጣ መቀስ አይነሳም። ልብስ ተከምሮ በአይጥ መበላቱ ቀረና ደስ አለን፣ ምን ይዋሻል።

ከዚያ ካርዶቹ ፈጠኑ። በሳምንት ይመለስ የነበረው በሁለት ቀን መጣ። ራዲዮኑ ስለ ድል ብቻ ያወራል። ቆየት ብሎ ደግሞ ትልልቁ ልክ እየቀነሰ የትንሹ ቶሎ ቶሎ ይመላለስ ጀመር። ለማን እንደምንሰፋ የነገረን ሰው የለም፤ ልኩን አይተን ገባን።

ቆራጩ ጋሽ ሰይድ ደሴ ካለው ሆጤ ሰፈር ይመላለሱ ነበር። ታላቁ ልጃቸው ዘምቶ ድምፁ ጠፍቷል፤ የቀራቸው ታናሹ ኑሩ ነው፣ ቀጭን ልጅ፣ የትንሹ ልክ የሚሆነው። አንድ ሰኞ ካርድ ስለይ የትንሹ የለም።

«ጋሼ፣ ካርዱን አይተውታል?»

«ኪሴ ነው ያለው» አሉኝ ሳይደብቁ። «ካርድ ካልመጣ አይሰፋም አላላችሁም? ካልተሰፋ በዚያ ልክ የሚወሰድ ልጅ የለም። ወላሂ አልሰጥህም።»

ልስቅ ነበር፤ አልሳቅኩም። መዝገቡ ላይ «አልደረሰም» ብዬ ጻፍኩ፣ ቢታወቅ ሁለታችንንም የሚያሳስር ነገር። ደሴም የሚመልሰው ሌላ የትንሹ ካርድ ስላልነበረው ሦስት ሳምንት ትንሽ ልብስ አልተሰፋም። ይገርማችኋል፣ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሆጤ አንድም ልጅ አልተወሰደም። እኔም ማመን ጀመርኩ። ሌሎቹን ካርዶች ስነካ እንኳ ስም ያለባቸው ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ኑሩን ከነጓደኞቹ አፈሱት። ትንሽ ልብስ ስላልነበረ ሁሉንም ትልቁን አለበሷቸው።

ጋሽ ሰይድ ልጃቸውን ሊሰናበቱ መቀስና መርፌ ይዘው ሄዱ። አቁመው እጅጌውን አሳጠሩለት፣ የሱሪውን ጫፍ ዘመዘሙለት። ለሌሎቹ ልጆች ግን ጊዜ አልበቃቸውም፤ መኪናው ተነሳ።

በማግስቱ ካርዱን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ትልቁ ልብስ ሲሮጡ ይጠልፋቸዋል» አሉኝ። «ስፉላቸው።»