የባላምባራስ የለሁበትም መብራት

«የለሁበትም» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። የቡሬው ግን መካኒኩ አያ ቢሆነኝ ነበሩ። የጋራዥ ሰዎች ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ሾመዋቸው «ባላምባራስ የለሁበትም» ይሏቸዋል።

ባላምባራስ ያልገቡበት ጉዳይ አልነበረም። ሽማግሌ ሆነው ሁለት ቤት ያስማማሉ፤ ድግሱ ላይ «ነገ ቢጣሉ እኔ የለሁበትም» ብለው ሙሽራዋን ያስለቅሳሉ። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲከደን ከሰው ሁሉ በላይ ተሰቅለው፣ «ያፈሰሰ ዕለት እኔ የለሁበትም!» እያሉ ወደ ታች ይጮኻሉ። ጣራው ሳያፈስም ክረምቱ አለፈ፤ ለዚያም ቢሆን የለሁበትም አሉ።

ሾፌሩ ንብረት ድሮ በዚህ ይስቅ ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ። ጎተራውን ማን አቃጠለ ቢባል ሁሉም የለሁበትም፤ ለጠላት መንገድ ማን መራ ቢባል የለሁበትም። ንብረት ያን ቃል በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። ግን የጣሊያንን ካሚዮን እየነዳ በማን ላይ አፉን ይከፍታል?

ካሚዮኑ አሮጌ ነው። በሩ ሲከፈት ውስጡን የምታበራ አምፖል ነበረችው፤ በየበሩ ጥግ ያሉት ማብሪያዎች ተበላሽተው ከጨለመች ቆይታለች። ንብረት ብልሽቱን እንደ በረከት ነበር የሚያየው። የሚስቱ የሀብትነሽ ወንድም ዘሩ፣ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ እግሩን ተመቶ ጓዳቸው ተደብቋል። የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀምሯል። ስለዚህ ዛሬ ሲመሽ ዘሩን ከወንበሩ ሥር በጆንያ ሸፍኖ ከፈጠም ወንዝ ማዶ ሊያደርሰው ቆርጧል። ኬላው ላይ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ያያል። ከጨለመ ጆንያ ነው፤ ከበራ ገመድ ነው።

በዚያው ዕለት ጠዋት ጣሊያኑ አስር አለቃ «ማብሪያዎቹ ዛሬውኑ ይቀየሩ!» ብሎ አዘዘ። ንብረት አምፖሏን ቢያወልቃት አሻጥረኛው እሱ መሆኑ ነው። ባላምባራስን ከጎማው ክምር ጀርባ ወስዶ ለመናቸው።

«አያ ቢሆነኝ፣ በሞቴ፣ ዛሬን ይተዉልኝ።»

«ምን ልትጭንበት ነው?»

«አይጠይቁኝ። ለሀብትነሽ ዕንባ ሲሉ ይተዉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ የለሁበትም» አሉና መፍቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ንብረት በዚያች ሰዓት ጠላቸው። ባላምባራስ አሮጌዎቹን ማብሪያዎች ነቅለው፣ ሽቦውን ልጠው፣ አዲሶቹን አሳምረው ገጠሙ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በሩ ሲዘጋ ትንሿን ዘንግ ወደ ውስጥ ገፍቶ መብራቷን ያጠፋታል፤ ሲከፈት ዘንጓ ትወጣና ትበራለች። አስር አለቃው ፊት ከፈቱት፤ በራች። በአገሩ ወግ ማታ መብራት ሲበራ «እንደምን አመሻችሁ» ይባላልና፣ ባላምባራስ በጠራራ ፀሐይ ጎንበስ ብለው «እንደምን አመሻችሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ንብረት ግን አልቅስ አልቅስ አለው።

ሲመሽ ዘሩን ሊጭን በሩን ከፈተ። ጨለማ ነው። ጣቱን ሰዶ ማብሪያውን ቢዳስስ ዘንጓ ወደ ውስጥ ገብታ ተጣብቃለች፤ ዙሪያዋን የማር ሰም ተቀብቷል። የሌላኛው በርም እንደዚያው ነው።

ኬላው ላይ ዘበኛው አንዱን በር ከፈተ፣ ሌላውንም ከፈተ። «ዛሬ ተሠራ የተባለው ይሄ ነው?» ብሎ ተሳደበ። ጆንያውን በሰደፉ ጎሸም አደረገው። ዘሩ ትንፋሹን ዋጠ። ካሚዮኑ አለፈ።

ንብረት ዘሩን ለወገኖቹ አስረክቦ፣ ሰሙን በእሾህ ፍቆ አጽድቶ በማግስቱ ሲመለስ ግን ባላምባራስ ተገርፈው የጋራዡ ደጅ ላይ ተዘርግተዋል። ዘበኛው ተናግሮ ኖሯል። «በአሻጥር ነው ወይስ ባለመቻል?» ተብለው ሲጠየቁ «ሥራ ስለማልችል ነው» አሉ አሉ። ንብረትን ከግርፋቱ ይልቅ ይህ አመመው፤ በእጃቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። ጀርባቸውም ከዚያ ወዲህ አልቀናም።

ካሚዮኑ ውስጥ በሆዳቸው አስተኝቶ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። ደጃቸው ሲደርስ መሽቶ ነበር። ሊያወርዳቸው የካሚዮኑን በር ከፈተ፤ መብራቷ ቦግ አለች።

«እንደምን አመሸህ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ንብረት እግራቸው ላይ ወደቀ። «አያ፣ ዘሩን አተረፉልን!»

«እኔ የለሁበትም» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ አንገታቸውን በግድ አዙረው አምፖሏን አዩአት።

«ይቺን ግን» አሉ፣ «ይቺን የገጠምኳት እኔ ነኝ።»