ከመርዶ የቀደመች ካሜራ

መርዶ እንደ ቆጮ ነው፤ ጉድጓድ ገብቶ ጊዜውን ሳይጨርስ አውጥታችሁ ለሰው አታቀርቡትም። እኛ የሆሳዕና ሰዎች ወሬ ይዘን ማደር አንችልም እየተባልን እንታማለን። እኔማ ከሚታሙትም የፊት ተሰላፊዋ ነኝ፤ የጎረቤቴ ድስት ውስጥ ያለውን ከባለቤቷ ቀድሜ የማውቅ ሴት ነኝ፣ አልክድም። ሞት ሲሆን ግን የኔም አፍ ይዘጋል። የሞተበት ሰው ሩቅ አገር ካለ፣ መጀመሪያ እዚያ ያሉት የአገሩ ልጆች ይሰማሉ፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ በማለዳ ሄደው፣ ከበውና ደግፈው ይነግሩታል። ማንም ሰው ብቻውን እያለ እናቱ አትሞትበትም። ሕጋችን ይኸው ነው።

ይህን ሕግ ያፈረሰው እንግዲህ የኔ አፍ አይደለም። ካሜራ ነው።

የጎረቤቴ የአዳነች ልጅ፣ ታምራት፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ከሰፈራችን የሄደውን ከምነግራችሁ የቀረውን ብነግራችሁ ይቀለኛል። እህቱ ምሕረት በጥር ስታገባ መምጣት አልቻለም፤ ወረቀት የለውማ! አንዴ ከወጣ የሚመለስበት በር የለም። አዳነችም “ልጄ የማያየው ሰርግ ምን ሰርግ ነው?” ብላ አኮረፈች። መላውን ያመጣው ፎቶ አንሺው ሳሙኤል ነው። አዲስ ካሜራ ገዝቶ ነበር። “ካሜራው ፎቶውን ያለ ገመድ ለስልኬ ይሰጠዋል፣ ስልኬ ደግሞ በኢንተርኔቱ እዚያው ለታምራት ይልከዋል። የኔ ሥራ ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው” አለን። ያለ ገመድ! እኛ በገመድ የመጣልንን መብራት እንኳን መች አይተን ጠገብን?

የሰርጉ ዕለት እውነትም ሆነ። አዳነች ሙሽራዋን ስትስም ቀጭ ይላል፤ ወዲያው ታምራት ደውሎ “እማዬ፣ ነጠላሽ ወደ አንድ ወገን ወድቋል” ይላታል። እሷም ነጠላዋን አስተካከለችና ካሜራውን አፈፍ አድርጋ፣ ልጇን ያገኘች ይመስል ሳመችው። “ሳሙኤል፣ ዓይኑን በምራቅ አሳወረችብህ!” ብዬ ድንኳኑን ያሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ አዳነች ሞተች። ጨጓራ ነው ስትል ከረመች፤ ጨጓራ አልነበረም።

ወንድሟ አቶ ኤርጫፎ የለቅሶው ድንኳን መሃል ቆሙና “እሑድ ማለዳ እዚያ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ታምራትን ያረዱታል። እስከዚያ ቢደውል ማንም ትንፍሽ እንዳይል!” አሉ። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። “በተለይ አንቺ፣ ወርቅነሽ።”

“ምን ላድርግ ታዲያ፣ አፌን ልስፋው?”

“ብትሰፊው ክሩን እኔ እገዛለሁ።”

ሳሙኤልም ተጠራ። ልጁ ከተረዳ በኋላ የእናቱን አሸኛኘት ይይ ተብሎ ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ቀጭ፣ ምሕረት ስትወድቅ ቀጭ። ለወትሮው አንዲት መልእክት ለመላክ ኮረብታ የሚያስወጣን ኔትወርክ፣ ያን ቀን እንደ ጉድ ይሠራ ነበር።

የምሕረትን ስልክ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ከቀብር ስንመለስ ጮኸ። ታምራት ነው። ባላነሳው ይጠረጥራል ብዬ አነሳሁት።

“እትዬ ወርቄ፣” አለኝ ከ“ሃሎ”ዬ አውቆኝ፣ “ሳጥኑ ውስጥ ማን ነው?”

“የምን ሳጥን?”

“ምሕረት ተጠምጥማበት የምታለቅሰው። አንቺ አጠገቧ ቆመሻል። አጎቴ አሉ። ሁላችሁም አላችሁ። እማዬን ግን በየፎቶው ፈለግኋት፣ የለችም።”

“ትንሽ አሟት ነው” አልኩት። ከመቃብሯ ተመልሼ፣ አፈሩ ገና ጫማዬ ላይ እያለ!

“እሺ እትዬ። ገዢ መጣብኝ” ብሎ ዘጋው።

ሳሙኤልን ከበብነው። ስልኩን ቢያየው፣ ከሰርጉ ወዲህ ያነሳው ሁሉ ታምራት ዘንድ ሲሄድ ከርሟል፤ የሞርሲቶ ከተማ ሙሽሮች፣ የሆመቾ ከተማ ተመራቂዎች፣ ልጁ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸው ሕፃናት። መላኪያውን ማጥፋት ረስቷል። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር!” ብለው ጮኹበት አቶ ኤርጫፎ። “ልጁስ የሰው ሰርግ ሲመጣበት ምነው ዝም አለ?”

የመለሰችው ምሕረት ናት፤ ሐዘኑ አስረስቷት ኖሮ አሁን ገና ትዝ አላት። “ነግሮኝ ነበር” አለች። “‘ለሳሙኤል እንዳትነግሪው፣ ያጠፋብኛል፤ አገሬን እያየሁበት ነው’ አለኝ።”

ከዚያ በኋላ በማን ይፈረዳል? ሳሙኤል ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀምጦ አለቀሰ።

መርዶው ግን አልቀረም። “ልጁ ያየው ፎቶ ነው፤ ፎቶ አያረዳም” አሉ ሽማግሌዎቹ። እሑድ ማለዳ የአገሩ ልጆች ሄዱ። ከሄዱት መሃል አንዷ ወዳጄ ናት፤ እኔን ምን ያመልጠኛል? በሩን ሳያንኳኩ ከፈተላቸው አለችኝ። ክፍሉን ጠርጎ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሶ፣ ደርድሮ ይጠብቃቸው ነበር። ለምን መጣችሁ ብሎ ሳይጠይቅ አስቀመጣቸው። ሽማግሌው “ታምራት፣ እናትህ ወደ ጌታ ሄደዋል” ሲሉት ነው መሬት ወድቆ የጮኸው።

እስከዚያ ድረስ ሱቁን ከፍቶ ሳሙና ሲሸጥ ሰንብቷል አሉ። እኛ ደግሞ እዚህ አፋችንን ይዘን፣ ብቻውን እንዳያዝን እንጠብቀው ነበር።