ማንም ያልመረጠው አፈ ጉባኤ

በየሰፈሩ ማንም ሳይመርጠው ክፍለ ሀገሩን የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ቢሮው ቢበዛ አንድ በርጩማ ነው። ታዲያ ምክር ቤቱ ገና ተሰብስቦ ሲነጋገር እሱ ወስኖ ጨርሷል። የእኛ ሰፈር ሰው ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ እኔ የምኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ስንወጣም ስንወርድም ከአስተያየቱ ሳንቀምስ አናልፍም። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ክቡር አፈ ጉባኤ እንለዋለን። እሱም «አቤት!» ይላል እንጂ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ክቡር አፈ ጉባኤያችን ሁለት ዓይነት ንግግር አለው፤ ስፒል በአፉ ይዞ የሚናገረውና ስፒሉን አውጥቶ የሚናገረው። ስፒል ሲይዝ አጭር ነው። «ግብሩ... እም... ከብዷል» ብሎ ይተዋል። ስፒሉን አንድ በአንድ አውጥቶ ክንዱ ላይ ባሰራት ትንሽ ትራስ ሲሰካ ያየ ሰው ግን ጉዳይ ካለው ቶሎ ይሂድ። ጎረቤታችን ዳቦ ሻጯ የቸኮለች ቀን የሚያጥር ቀሚስ ይዛ ትመጣለች፤ ጫፉ ዙሪያውን በስፒል መያዝ አለበትና።

«እስኪ ዙሪያውን ያዝልኝ ጋሼ፣ አደራ ስፒል አትቆጥብ» ትለዋለች።

እኔ የሚለውን ለመረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት «ሥልጣን ወደ ታች መውረድ አለበት!» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነው ብዬ ወደ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ መቀሱን እያወዛወዘ «ሥልጣኑን ወደ ታች አወረዱትና ይኸው ጠፋ!» ይላል። በመካከል መቼ እንደ ወረደ አላየሁም።

«የት ወርዶ ጠፋ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፣ እማማ!»

ደረጃውን ወጥቼ፣ ዘንቢሌን አስቀምጬ፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምን እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አፈ ጉባኤው ይሆናል ያለው አይሆንም፤ አይሆንም ያለው ይሆናል። «ይህ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ አይሆንም፣ እኔ በቁሜ እያለሁ!» ባለ ማግስት ሠራተኞች መጥተው ምልክቱን እሱ ሱቅ በር ላይ ተከሉት። «ዘንድሮ አዲስ የውኃ ቧንቧ ይዘረጋል፣ በጀቱ ጸድቋል» ሲል ደግሞ እኛ ባልዲ ልንገዛ ወጣን። ቧንቧው አልመጣም፤ ባልዲው እስካሁን እያገለገለን ነው። ለምክር ቤቱ የተወዳደረ አንድ ባለመነጽር ሰውም ነበር። አፈ ጉባኤው ወዶት «ያሸንፋል!» እያለ ሲያወራ ሰምቶ፣ ዝም እንዲልለት ሊለምነው መጣ። ለመናገር አፍሮ፣ ሳያስበው ሱሪውን አሳጥሮ ተመለሰ። አሁን አጭር ሱሪ ለብሶ የመኪና ጎማ ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ለራሱ ለአፈ ጉባኤው የነገረው የለም። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሰውን ፊት ለፊት «አንተ ያልከውን ሰምተን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው» ይሉታል? ስለዚህ እንሰማዋለን፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ከዚያ ሄደን ባልዲ እንገዛለን።

እኔ ፊደል መቁጠር የጀመርኩት በእርጅናዬ ነው። አንዱ ምክንያት መድኃኒቶቼ ናቸው። ሁለት ጠርሙሶች ናቸው፤ ቁመታቸው አንድ፣ ክኒናቸው አንድ ዓይነት ነጭ። ልጄ ገና ሳይነጋጋ ወደ ሥራ ስለምትወጣ የሚያነብልኝ የለም። አፈ ጉባኤው ይህን ሲሰማ አንዱን ጠርሙስ በቀይ ክር፣ ሌላውን በነጭ ክር አንገቱን አስሮ፣ «ቀዩ የጠዋት፣ ነጩ የማታ» አለኝ። ስፒል አፉ ውስጥ ስለነበር ስለ ጤና ፖሊሲ አልጨመረበትም። ክር ግን ያልቃል። ቀዩ እየደበዘዘ፣ ነጩ እየቆሸሸ ሄዶ ሁለቱ መመሳሰል ጀመሩ። ጠርሙሶቹን መስኮቱ ዘንድ ወስጄ እያገላበጥኩ ማየት ለመድኩ። ፊደል ለእኔ ጌጥ አልነበረም።

ሌላው ምክንያት ራሱ አፈ ጉባኤው ነው። ጋዜጣውን በዓይኔ አንብቤ፣ ምክር ቤቱ በእውነት ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። ይህን ስነግረው ደነገጠ።

«ጋዜጣ ምን ያደርግልዎታል፣ እማማ? እኔ እያለሁልዎት!»

የምንማረው ከመንገዱ ማዶ፣ ከውኃ ክፍያ ቢሮው ጎን ባለች ክፍል ነው። አብዛኞቻችን አያቶች ነን። መምህርቷ የልጅ ልጄ ብትሆን የማያስገርም ወጣት ናት፤ ስንሳሳት አብራን ትስቃለች እንጂ አትስቅብንም። ቃል እየቆራረጥኩ ማንበብ በጀመርኩበት ሰሞን በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። መምህርቷ አነበበችልን። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ክፍሏን ለቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሊሰጣት አስቧል፤ ነዋሪው ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ይወስናል።

«ይህ ቅር ያለው ሰው ለማን ነው የሚያመለክተው?» አለች ከመካከላችን አንዷ።

«ለቅሬታ ሰሚው ቢሮ» አለች መምህርቷ።

«እሱስ የት ነው ያለው?»

«እዚህ ሊመጣ ነው።»

ወረቀቱን እንደገና አስነበብናት።

ወሬው አፈ ጉባኤው ዘንድ የደረሰው ከእኛ ቀድሞ ነው። ስሻገር ስፒሎቹን በሙሉ አውጥቶ ቆሞ አገኘሁት። «ይህች ክፍል አትዘጋም!» ብሎ ጮኸ። «እናቶቻችን በስተርጅና የያዙትን እርሳስ ማን ነው የሚነጥቃቸው? እኔ በቁሜ እያለሁ አትዘጋም!» እንዲያ አምሮበት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ክፍሏን በልቤ ተሰናበትኳት።

ዳቦ ሻጯ ዳቦዬን ስትሰጠኝ እጄን አልለቀቀችም።

«አይዞሽ እማማ። ምን ይደረጋል።»

«ገና አልተወሰነም እኮ።»

«እሱ ግን አትዘጋም ብሏል አሉ?»

«ብሏል።»

«እንግዲህማ...» ብላ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው አቀፈችኝ።

በሚቀጥለው ትምህርት ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበሩ። አንዷ ደብተሯን ለልጅ ልጇ ሰጥታለች። ሌላዋ «ከመባረር በክብር መውጣት» ብላ ቀርታለች። ይህን ስሕተት የሚሳሳት ሌላ ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ አትዘጋም ስለተባለች ብቻ ክፍሏን ጥለን ወጣን።

ስመለስ አፈ ጉባኤው ጠራኝ።

«ዛሬ ክፍሉ ሰው አነሰው፤ ከዚህ ሆኜ ሳይ ነበር። ምን ሆኑ?»

«እንጃ፣ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

ይህን ጊዜ ዳቦ ሻጯ ቅርጫቷን ይዛ በበሩ አለፈች። «ጋሼ! ስለ ዳቦ ዋጋ ደግሞ አደራ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!» አለችና እየሳቀች ሮጠች።

አፈ ጉባኤው ከኋላዋ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል ስፒል አፉ ውስጥ ከቷል። የስፌት መኪናው ላይ ግን ምንም ጨርቅ አልነበረም።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ከክፍለ ሀገሩ የመጣችው ኃላፊ ትሑት ሴት ናት፤ «የቦታ አጠቃቀምን ከማመቻቸት አኳያ» ብላ ጀመረች። የተናገረቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ተሰብስበው ሲመጡ ግን አላወቅኋቸውም። በመጨረሻ አስተያየት ያለው እንዲናገር ጠየቀች። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ አንድ ሰው አየ።

አፈ ጉባኤው ተነሣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ መርፌ እንዳይወጋው መሀል ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን የብረት ቆብ እንኳ አላወለቀም።

«ክብርት ሆይ» አለ፣ «ክፍሏ ትዘጋ!»

የተሳሳትኩ መስሎኝ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ዕድሜውን ሙሉ ያለ ፊደል የኖረ ሰው፣ ዛሬ ፊደል ምን ይሠራለታል? መንግሥት ቅሬታ ይስማ! እነዚህ እናቶች ቤታቸው ይረፉ! ይኸው ተናግሬያለሁ፤ ትዘጋለች፣ መዘጋትም አለባት!»

ያን ቀይ ክር ያሰረልኝ እጅ ጠረጴዛ ሲመታ አየሁ። ዓይኔ ውኃ ሞላ። ምን አደረግኩት? በቀደም እርሳሳችንን ማን ይነጥቃል ያለው ሰው አይደለም? ከጎኔ ዳቦ ሻጯ ቆነጠጠችኝ።

«እማማ! ተረፍሽ!» አለች በሹክሹክታ። ወዲያው አዳራሹ ተነቃነቀ። ሰው እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ፣ የተኮራመተው ሁሉ ቀና አለ።

«እሺ፣ ክፍሏ ለትምህርት ትቆይ የምትሉ?» አለች ኃላፊዋ።

አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ውኃ ክፍያ ቢሮ የሚሠሩት ሳይቀሩ አወጡ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አየች። «ንግግሩ እኮ ሌላ ነበር...» አለች። ከዚያ ወደ አፈ ጉባኤው ዞራ «አዝናለሁ፣ አባት» አለችው። እኔም ዞር አልኩ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል፣ ከጀርባ፣ ጣቷ ላይ የብረት ቆብ የምታብለጨልጭ አንዲት እጅ ወደ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ስንመለስ ልቤ አላስቻለኝም።

«እጅህን አውጥተህ አየሁህ።»

«አስተያየት ልጨምር ነበር። ዕድል ነፈጉኝ! በዚህ ክፍለ ሀገር ሰው አይደመጥም።»

«ክፍሏ ትቆይ ብለህ አይደለም?»

«እማማ፣ እኔ የአቋም ሰው ነኝ።»

«የትኛው አቋም?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት!» አለና ስፒሉን አፉ ውስጥ ከተተ።

ክፍሏ እንደገና ሞላች፤ ደብተሯን የሰጠችውም ከልጅ ልጇ ተጣልታ አስመለሰች። አንድ ጠዋት ጠርሙሱን አንሥቼ «ጠዋት» የሚለውን አነበብኩ። ሌላውን አንሥቼ «ማታ» የሚለውን አነበብኩ። ክሮቹን ቆርጬ ይዤለት ወረድኩ። ጣቱ ላይ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። አስተያየት አልሰጠም፤ ስፒልም አልያዘም ነበር።

ጋዜጣውንም በጣቴ እየተከተልኩ ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩት። ሥልጣን ወደ ታች መውረድ አለበት ይላል። ገለጥ ሳደርግ፣ የወረደው ሥልጣን የት እንደ ደረሰ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል ይላል። ይህን ያህል ፊደል ቆጥሬ፣ ደረጃው ሥር የነበርኩበት ቦታ ላይ ተመልሼ ቆምኩ።

ባለፈው ብርድ ጊዜ ታምሜ ተኛሁ። ልጄ ሥራ ቀርታ ራስጌዬ ተቀምጣ «አይዞሽ እማዬ፣ ይሻልሻል» እያለች ታለቅሳለች። አፈ ጉባኤው ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ቆመ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ» አለ። «ይህ ሕመም አያስነሣዎትም። አበቃ!»

ልጄ ልታባርረው ዘላ ተነሣች። እኔ ግን ሳል እስኪያፍነኝ ሳቅኩ፤ ሾርባ አምጡልኝም አልኩ።

ከአልጋ ተነሥቼ ደረጃውን ስወርድ አየኝና ፊቱን አጨፈገገ። «አይቸኩሉ፤ ዘንድሮን አያልፏትም» አለኝ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አልኩት።

አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም፤ መጠየቁንም ትቻለሁ። በየጠዋቱ በሱቁ በር ሳልፍ መሞቻዬን ይነግረኛል፤ እኔም መርቄው አልፋለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ሥራ በዝቶበት፣ ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ሄዶ፣ እንደ ማንኛውም ደግ ሰው «ዕድሜ ይስጥዎት» እንዳይለኝ።