ጥላሸት የጠጣ ብዕር

ለልጇ የሰው ዓይን የምትፈራ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩ። ልጄ ከወይራ እንጨት ብዕር ትሠራለች፤ ሐረግ ትቀርጽበትና ቅርጹን በቀይና በቢጫ ቀለም ትሞላዋለች። አንዱን በቤተ ልሔም ተማሪ ለሚያስተምሩት የኔታ ልታሳይ አዘጋጀች። ከወደዱላት ለተማሪዎቻቸው ሊያሠሯት ነው። በጣም አማረና ፈራሁ። ሕፃን ሲያምር ግንባሩን ጥላሸት እንቀባው የለ? እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ብዕሩንም ትኩሳት የሚይዘው ይመስል ጥላሸት በቅቤ ለውሼ ቀባሁት። ለካ የተቀረጸ እንጨት ይጠጣል፤ ብታጥበው፣ ብትፍቀው ሐረጉ ጠቁሮ ቀረ።

«እማ፣ ማን እንዳያየው ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«ክፉ ዓይን ነዋ።»

«የኔታም አያዩትም እንግዲህ።»

የኔታ ዘንድ አልሄደችም። አሁን ሌላ ጀምራለች ይሉኛል። የት እንደምታስቀምጠው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም።