የሩፋኤል ዝናብና የዌስትፖርት ሞገድ

ስለ አየር ጠባይ ትንበያ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ የሚያምኑትና የሚሳደቡበት። ሁለቱም ግን ያዩታል። ጠዋት ከአልጋቸው ሳይወርዱ ስልካቸውን ከትራስ ሥር ጎትተው፣ የመስኮቱን መጋረጃ ከመግለጣቸው በፊት እሱን ይገልጣሉ። መስኮቱ እጅ ዘርግተው የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው፤ ሰማዩም እዚያው አለ፣ ያውም በነጻ። ቢሆንም የዘመኑ ሰው ከሰማዩ ይልቅ ስለ ሰማዩ የተጻፈውን ያምናል። እኔም ከእነዚሁ ወገን ነኝ፤ አላፍርበትም። ሥርዓት እወዳለሁ። የቅመም ብልቃጦቼ ከ«ሀ» ጀምረው በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገኝ ዕቃ በዋዜማው በር አጠገብ ተሰልፎ ያድራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ የተረተው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ዘመዴ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

ሲያትልን የማታውቁ አንባቢዎቼ፣ ከተማችን ዓመቱን ሙሉ በካፊያ የምትርስ ትመስላችኋለች። ሲነገር የምትሰሙት ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ካፊያው ሲጀምር ማብቂያ የለውም፤ ሰዉም ከመልመዱ የተነሣ ጥላ የያዘ ሰው ሲያይ «ይህ እንግዳ ከየት መጣ?» ይላል። ነገር ግን ዝናቡም የዓመት ዕረፍት አለው። በአገር ቤት ክረምቱ ሲያጓራ፣ ሐምሌና ነሐሴን እዚህ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፤ ጳጉሜንም ብዙውን ጊዜ ይኸው ድርቅ ያገኛታል። ይህ የወቅት መገለባበጥ ማንንም ባልጎዳ ነበር። አማቴን ጎዳ።

አማቴ እትዬ አስካለ በሲያትል ዳር ባለችው በሾርላይን ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ጀምሮ ከአሜሪካ የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ እንዲዘንብ። ያን ቀን ሰማይ ይከፈታል፣ የሚወርደውም ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሲታመን የኖረ ነው፤ ልጅ አዋቂው ደጅ ወጥቶ ይመታበታል። እትዬም በየዓመቱ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ይጠብቃቸዋል። ፀሐይ ሲመታቸው ይውሉና ማታ ወንበራቸውን አጥፈው ይገባሉ። «ዓመቱን ሙሉ ሲያላዝን ከርሞ ዛሬ ምን ነካው?» ይላሉ ሰማዩን። ዘንድሮ ግን ነገሩ ከማጉረምረም አለፈ።

የቀኝ ጉልበታቸው አልቋል። ደረጃ የሚወርዱት እንደ ሸርጣን በጎን ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው በቀዶ ሕክምና መቀየር አለበት ካለ ወዲህ ወረፋ ስንጠብቅ ቆይተን፣ በስንት ልመና ከእንቁጣጣሽ ማግስት ቀን ተቆረጠልን። እትዬ ለሁሉም «እሺ» አሉ። ለደም ምርመራው እሺ፣ ለክራንቹ እሺ። ሁሉም ካለቀ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጨመሩ፤

«ሩፋኤል ጉልበቴን ሳይነካልኝ ግን ቢላ አይነካውም።»

ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ የወንድ ልጅ ወጉን አደረሰ፤ «አንቺን ትሰማሻለች» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እኔን አይሰሙኝም። ወረፋው ካለፈን ደግሞ ሌላ ዓመት በጎን መውረድ ነው፤ አንድ ቀን ያ ደረጃ እንደሚጥላቸው ለማወቅ ትንበያ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ልጄ ሊያ መጣች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ። ሊያ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ በመስከረም መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ከቤት ትወጣለች። ከመሄዷ በፊት ሰርፊንግ መማር ትፈልጋለች። ሰርፊንግ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው ደህና መሬት እያለለት በሳንቃ መሰል ቦርድ ላይ ቆሞ በባሕር ሞገድ የሚንሸራተትበት ጨዋታ ነው። የሲያትል ባሕር በመሬት የተከበበ ስለ ሆነ እንደ ኩሬ ይተኛል፤ ሞገድ የፈለገ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኦሎምፒያ ላይ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ዌስትፖርት የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ድረስ መንዳት አለበት። ዳርቻው አሸዋማ ነው፣ ድንጋይ የለበትም፤ ለጀማሪ ይመቻል ይባላል። እኔ ደግሞ «ይባላል» የሚለውን ቃል ስሰማ ማጣራት እጀምራለሁ።

አጣራሁ። ባሕሩም የራሱ ትንበያ አለው፤ እንዴት ያለ ደስ የሚል ሥርዓት መሰላችሁ! የሞገዱ ቁመት ብቻ አይበቃም፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜም ይታያል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ከሩቅ ጉልበት አጠራቅሞ የሚመጣ ነውና ቁመቱ ቢያንስም አይናቅም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ቀስ ብሎ ሲነፍስ ሞገዱን ያስተካክለዋል፤ ከባሕር ሲነፍስ ይበጣጥሰዋል። ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓትም አለው። የሞገዱ ቁመት ደግሞ በሜትር ብቻ ሳይሆን በሰው አካል ይለካል፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ ከራስ በላይ። እኔ ከወገብ በላይ ያለውን ማንበብ አልፈለግሁም። አንዱን ቅዳሜ በነፋሱ፣ ሌላውን በቁመቱ፣ ሌላውን ደግሞ ዝናብ ይጥላል ስላለ ሰረዝኩት።

«ማሚ፣ ባሕር ውስጥ ልገባ እኮ ነው፤ በዝናቡ ምን እንዳልሆን ነው?» አለችኝ ሊያ።

በአገራችን ዝናብ ሲመጣ ሰው ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ይህን ለማስረዳት ደግሞ ቦታው አልነበረም።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር የተስማማበት ቀን ተገኘ። ሞገዱ እስከ ጉልበት፤ ነፋሱ ከየብስ፣ ለስላሳ፤ ሰማዩ ደመናማ፤ በባሕሩ ዳር ጥቂት የዝናብ ዕድል፣ ሾርላይን ግን ምንም። ሰኞ ስለ ነበር ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ይህን በእራት ላይ ሳስታውቅ እትዬ ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ሰኞ? ሰኞኮ ሩፋኤል ነው። እዚያ ይዘንባል ነው የምትይኝ?»

«ይዘንብ ይሆናል ነው የሚለው፣ እትዬ። ከመቶ ሃያ እጅ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ዜሮ።»

«ከዜሮ ሃያ ይሻላል። እኔም እሄዳለሁ።»

እንግዲህ መኪናችን ውስጥ ሁለት ጸሎት ተሳፍሯል። ሊያ ሞገድ ትፈልጋለች፤ እትዬ ዝናብ ይፈልጋሉ። እኔ ሁለቱም በልክ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ እትዬ ስለ መልአኩ አወጉን። በጥንት ጊዜ ምእመናን ደሴት መስሏቸው ቤተ ክርስቲያን የሠሩት በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ኖሯል፤ አንበሪው ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ ጮኸ፤ ሩፋኤልም ወርዶ በበትሩ «ቀጥ በል!» አለው።

«ሶ፣ ዌሉን ስቶፕ አደረገው?» አለች ሊያ ከኋላ።

«ቀጥ አለ። ባሕሩም ጸጥ አለ።»

«ኦኬ፣ እማማ፣ ግን ዛሬ ጸጥ እንዳያደርገው ንገሪልኝ። ሞገድ ከሌለ ክላሱ ካንስል ይሆናል።»

«ትንሽ ትንሹን ይተውልሽ እለዋለሁ» አሉ እትዬ፣ ነገሩን በቁም ነገር መዝነው።

እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ፣ የተማረ ሰው አመል ሆኖብኝ፣ ስለ ዝናብ ማብራሪያ ሰጠሁ። ሲያትል ላይ የሚዘንበው ዝናብ የሚነሣው ከዚሁ ከምንሄድበት ውቅያኖስ መሆኑን፣ ፀሐይ ውሃውን እንደምታተነው፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ እንደሚነዳው፣ ተራራ ሲገጥመው እንደሚዘረግፈው አስረዳሁ። እትዬ «እ» አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

ዌስትፖርት ስንደርስ ፀሐይዋ ወለል ብላለች። ደመናው የት እንደ ገባ አይታወቅም። ስልኬን አወጣሁ፤ ትንበያው ታድሷል። ሞገዱ እንዳለ ነው፣ ነፋሱ እንዳለ ነው። ሃያው የለም።

«ስንት ይላል?» አሉ እትዬ።

«ዜሮ።»

«ዜሮ ማለት ምንም?»

«ምንም።»

ሰማዩን አንዴ፣ ስልኬን አንዴ አዩና «እንግዲያ ለከርሞ ነዋ» አሉ። ለከርሞ የተባለው ዝናቡ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚታጠፍ ወንበራቸውን አሸዋው ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። ቤት ውስጥ ጠበል አለን ልላቸው ጀመርኩ፤ «ጠበሉን ጠጥቻለሁ፤ እኔ የለመንኩት ዝናቡን ነው» ብለው አስቆሙኝ። ትክክል በሆነ ትንበያ የተናደድኩት ያን ቀን ነው። ስልኩን ደጋግሜ አደስኩት፤ ደጋግሞ ዜሮ አለኝ። ሥርዓት መውደድ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ግን ሥርዓቱ አይወድሽም።

ሊያ በበኩሏ ከውሃው ቅዝቃዜ የሚከላከል ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሳ ወጣች።

«በስመ አብ! የአንበሪ ግልገል መስለሽ የለም እንዴ!» አሉ አያቷ።

አሠልጣኙ አፍንጫውን በነጭ የፀሐይ ቅባት የለሰነ ረዥም ወጣት ነበር። መጀመሪያ አሸዋው ላይ አስተኝቶ እንዴት ብድግ እንደሚባል አሳያት፤ ከዚያ ወደ ውሃው ገቡ። ልጄ ቆመች፣ ወደቀች፤ ቆመች፣ ወደቀች። እኔ በወደቀች ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ፤ ስትነሣ እቀመጣለሁ። ከሩቅ ያየኝ ሰው ሠልጣኟ እኔ ልመስለው እችላለሁ። ኋላ አንዱ ሞገድ ከጀርባዋ መጥቶ አነሣት፤ እሷም እጆቿን ዘርግታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ እስከ አሸዋው ጫፍ ድረስ ቆማ መጣች። እትዬ እልል አሉ። የባሕር ዳርቻው ሰው ሁሉ ዞረ።

አሠልጣኙም እልልታውን ተከትሎ እየሳቀ መጣና ሰላም አላቸው። በሊያ አስተርጓሚነት «እርስዎስ አይሞክሩም?» አላቸው።

«ቦርዱን ለራሱ በይው። ግን ጠይቂልኝ፤ ይኼ ሞገድ እስከ የት ይደርሳል?»

ሊያ ጠየቀች። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ የራሱን እግር መታ አደረገ። «ዛሬ? እስከ ጉልበት ብቻ።»

ትርጉም አላስፈለገም። እትዬ መዳፉ ያረፈበትን ቦታ ጥቂት ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሲያትል ዝናብ የሚነሣው ከየት ነው ያልሽኝ?»

«ከ… ከዚህ ነው፣ እትዬ።»

«ከዚህ ከሆነ ለምን እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ? መንገድ ሳይጀምር ልያዘው እንጂ! ጫማዬን አውልቂልኝ።»

አያችሁ፣ ማስረዳት አደጋ አለው። ሰው ያስረዳሽውን አንድ ቀን ይጠቀምበታል።

ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ሊያ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈናቸው፣ አሠልጣኙ ከፊታችን ቆሞ ገባን። እኔ መግባት በዕቅዴ አልነበረም፤ የተተኮሰ ሱሪዬን ለብሻለሁ። የመጀመሪያው ሞገድ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ «ወይ ቅዝቃዜ! ይኼማ በረዶ ነው!» አሉ፤ ወደ ኋላ ግን አላሉም። ሁለተኛው ልክ እንደ ተባለው የቀኝ ጉልበታቸውን ሸፍኖ ተመለሰ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ሦስተኛው፣ ትንበያው ያልጠቀሰው፣ ምንም ሳያሳውቅ በእኔ በኩል ተነሥቶ እስከ ወገቤ አረጠበኝ።

«እስከ ጉልበት ነበር እኮ የሚለው!» አልኩ ውሃ እያንጠባጠብኩ።

«የኔን ነው እንጂ ያንቺን መች አለ?» አሉ አማቴ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉም ተኝቷል፤ እኔ ብቻ በረጠበ ሱሪ እየነዳሁ፣ ነገሩ በዚህ በማለቁ ተደስቻለሁ። ደስታዬ እስከ ሾርላይን ድረስ ዘለቀ። እኛ ሰፈር ስንገባ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ከጣሪያው አሸንዳ ውሃ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ በደስታ ተሞልቶ፣ «የት ጠፋችሁ? ምሳ ሰዓት ላይ ዶፍ ጣለ እኮ! የሩፋኤል ዝናብ!» አለ።

ሊያ እኔን አየችኝ። እኔ እትዬን። ዜሮ ባልኳቸው ሰማይ ሥር፣ ወንበራቸው በየዓመቱ በሚዘረጋበት በዚያው ጓሮ፣ ስንት ዓመት የለመኑት ዝናብ ወርዶ አልፏል። አሁን ምን ይሉ ይሆን? ባሕሩ አይቆጠርም ቢሉስ? ቀዶ ሕክምናው ቀረ ቢሉስ? ባለቤቴን በዓይኔ «ዝም በል» ልለው ሞከርኩ፤ የተናገረ ሰው ዝም ቢል ግን ምን ይረባል!

እትዬ ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ። የረጠበውን ደጅ ተመለከቱ። «እኛ ወደ እሱ፣ እሱ ወደ እኛ፤ መንገድ ላይ ተላለፍን» አሉና፣ በር ላይ ካለው የጤና አዳም ተክል ቅጠል ላይ ጠብታውን በመዳፋቸው አራግፈው የግራ ጉልበታቸውን አሹበት።

«ቀኙ ደርሶታል። ይኼኛው እንዳይቀየም ነው» አሉኝ።

ከእንቁጣጣሽ ማግስት ሆስፒታሉ ጋ ነበርን። ሐኪሙ የመጨረሻውን ማብራሪያ ሰጠ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ይህ ቀዶ ሕክምና ከመቶ ብዙው እጅ እንደሚሳካ፣ ቢሆንም ሙሉ መቶ ነው ብሎ ቃል መግባት እንደማይችል ነገራቸው። እትዬም «መቶኛው እንደ ስልክሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደዚያው ዓይነት መሆኑን አልደበቅኳቸውም።

«ግድ የለም» አሉ፣ ብርድ ልብሱን ከቀኝ ጉልበታቸው ላይ እየገለጡለት። «ከመቶው የጎደለውን እኔ ይዤ መጥቻለሁ በይው።»

እኔም፣ ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ፣ ተረጎምኩለት።