የእናቴን ቆርቆሮ ያስነሳሁ ዕለት

ጓዶች፣ ዛሬ እናቴን በላይቭ አስለቀስኳት።

በደስታ እንዳይመስላችሁ!

ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ግን ያየ አይቷል፤ ስክሪንሾት ያነሳም አንስቷል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ራሴ ልናገርና ይውጣልኝ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ሥራዬ ኢንቲሪየር ዲዛይን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰፌድ የተሰቀለበት፣ መቀመጫው በርጩማ የሆነበት፣ "ባህላዊ" የሚባል ካፌ ካያችሁ የእኔ እጅ ሊኖርበት ይችላል። ድሮ የሚባል ነገር ያሳብደኛል። የተሰነጠቀ ገንቦ አይቼ ማለፍ አልችልም።

መንዝ ውስጥ ደግሞ፣ ከዘመሮ ወጣ ብሎ፣ የተወለድኩበት የድንጋይ ቤት አለ። ግድግዳውን የካቡት አያቴ ናቸው። ምን ይወጣለታል!

ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ዝጓል፣ ዳር ዳሩ ታጥፏል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ጣሪያውን ክሮፕ አድርጌ እቆርጠው ነበር። (ይቺን ያዙልኝና ታዘቡኝ።)

በቅርቡ እህቴ ደብረ ብርሃን ወለደች። እማዬም አራሷን ልትጠብቅ ሄደች።

ቤቱ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገባችሁ?

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንዝ ገባሁ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ቆርቆሮውን አስነስቼ፣ እንደ አያቴ ዘመን በጓሳ ሳር አስከድኜ፣ ውስጡንም በዚያው ስታይል አሳምሬ እማዬን ሰርፕራይዝ ማድረግ።

የጓሳ ሳር እንደ ማንኛውም ሳር የሚታጨድ አይደለም። አገሩ ተስማምቶ የሚዘጋው፣ ተስማምቶ የሚከፍተው ነው። ደግነቱ ተከፍቶ ስለነበር ካጨዱት ሰዎች ለምኜ በአህያ አስመጣሁ። የሳር ክዳን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም።

ቆርቆሮውን መንቀል ሲጀምሩ፣ "ይኼን ምስማር ያኔ የመታሁት እኔ ነበርኩ" አሉ።

እንዴት ያለ ኮንቴንት ነው! ቀረጽኳቸው።

ቆየት ብለው ደግሞ፣ "እናትሽ ታውቃለች?" አሉኝ።

"ሰርፕራይዝ ነው፣ ጋሼ።"

"እሱ ምንድን ነው?"

"ሳታውቅ ማለት ነው።"

ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት። ቆርቆሮውንም "ለበጎችዎ ቤት ይሁንልዎ" ብዬ ሰጠኋቸው። አንገራገሩ። ትሕትና መሰለኝ።

ሥራው በቆየበት ሳምንት ጎረቤቱ እንዴት እንደተንከባከበኝ አትጠይቁኝ። እትዬ ወርቄ፣ ከአጥራችን ማዶ ያሉት፣ በየቀኑ የገብስ ዳቦ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሌላዋ አሬራ ታመጣለች። አንዷማ የራሷን ጋቢ አውልቃ አለበሰችኝ። "አይዞሽ" ይሉኛል፤ "ሰው ሁሉ ይገጥመዋል።"

ለቅርስ ለለፋሁት ልፋት መስሎኝ እኮ ነው! "የመንዝ ሰው ደግነት" ብዬ ስቶሪ ላይ ሁሉ ለጥፌዋለሁ። ልብ የሰጣችሁኝ ሰዎች፣ ተባብረን ነው የተሳሳትነው።

ውስጡንስ ብትሉ? መደቡን በጭቃና በእበት አስለቅልቄ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አነጠፍኩበት። ጓሮ ተጥሎ የነበረውን የእህል ጎታ ጥግ ላይ አቆምኩ። የእማዬን የፕላስቲክ አበባዎችና ቢጫ ጀሪካኖች በማዳበሪያ ጠቅልዬ ደበቅኩ። ቤቱ መጽሔት ላይ ያለ መሰለ።

ዛሬ እማዬ ተመለሰች።

ጎረቤቱን ሰብስቤያለሁ። ስልኬን ካብ ላይ አቁሜ ላይቭ ገብቻለሁ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመንገድ አቧራ ለብሳ አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ጣሪያውን አየች። እኔን አየችኝ። ደግማ ጣሪያውን አየች።

"ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?"

"ሰርፕራይዝ ነው እማዬ!"

"ከሥራ አባረሩሽ?"

"ኧረ ማንም አላባረረኝም።"

ቀረብ ብላ እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስልኩ ግን ሁሉንም ይሰማል። "ቆርቆሮውን ከመሸጥሽ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? በጎቹን እንሸጥ አልነበር?" አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።



ለካስ ዳቦው! አሬራው! ጋቢው! ሰፈሩ ሁሉ "ልጅቱ ከተማ ኪሳራ ደርሶባት መጥታ የእናቷን ጣሪያ ሸጠች" ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲያዝንልኝ ነበር።

"እኛማ መጠየቁ ከብዶን ነው እንጂ" አሉ እትዬ ወርቄ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ስክሪኑ ላይ ግን ልብ በልብ ሆኗል። "ደስታ ሲያስለቅስ እንዲህ ነው" ብላ የጻፈችውን ልጅ ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

ላይቩን ዘጋሁ። አልሸጥኩትም፣ የድሮውን ቤት ልመልስልሽ ብዬ ነው አልኳት። ባሰ።

"የድሮውን?" አለች።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ተድራ የገባችው ሳር ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ የጣሪያውን ጥላሸት ይዞ ጠብ ይላል። "ቅዳሜ ያጠብኩት ነጠላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ሳነሳው ጥቁር ነጠብጣብ አርፎበት አገኘዋለሁ" አለች። "ሰው እንዳያየኝ ከሁሉም ኋላ እቆም ነበር።"

ቆርቆሮውን ያመጣችው ለዓመታት የበግ ጠጉር ፈትላ፣ ባና እያሠራች ቀየት ገበያ እያወጣች ነው። መኪና እዚህ ስለማይደርስ ጎረቤቱ አንድ አንዱን ተሸክሞ በእግሩ መጣ። ከወዲያኛው ተራራ ብቅ ሲሉ ፀሐይ አርፎበት ከሩቅ ያበራ ነበር አለች። ይኼን ስትናገር ፊቷ ራሱ በራ።

እኔ ዝገት ብዬ ክሮፕ ያደረግኩት እሱን ነው።

ደግሞ ከሁሉም የሚብሰውን ልንገራችሁ? እኔ ሳር ቤት ኖሬ አላውቅም! የተወለድኩት ከቆርቆሮው በኋላ ነው።

የእኔ ልጅነት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። በረዶ ሲጥል ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔና እህቴ ያቺን ሰዓት ጠብቀን አባዬ ፊት እንቆምና "ማሰሮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ!" "ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም!" እያልን የልባችንን እንጮሃለን። እሱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ምንም ሳይሰማ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቅልናል። በረዶው ሲያባራ ሁላችንም ጨዋ ነን።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝቼ ስንት ዓመት የናፈቀኝ ያ ድምፅ ነው። እኔ ግን የሌላ ሰው ትዝታ ተውሼ፣ የራሴን ለበጎች ሰጠሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ላይቩ ተዘግቷል።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቆርቆሮውን በጎቹ ቤት ላይ አልመታሁትም" አሉ። "ደርድሬ አስቀምጬዋለሁ። እሷ ስትመጣ ትጠይቀዋለች ብዬ ነው። ነገ ጠዋት ይመለሳል።"

ትሕትና አልነበረም ለካ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ፣ ማንኛውንም ደንበኛ ገና ከመቀመጡ የምጠይቀውን ጥያቄ ለእናቴ ያቀረብኩት።

"እማዬ፣ አንቺ ቤቱ ምን ቢኖረው ደስ ይልሻል?"

ዞር ብላ ቤቱን አየችው። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

"መስኮት" አለች።

መስኮት የለውም እኮ። አለመኖሩንም "ኦሪጅናል" ብዬ አድንቄ ፖስት አድርጌዋለሁ።

"በመንገዱ በኩል ቢሆን" አለች። "እናንተ ትመጣላችሁ በተባለ ቀን ከጠዋት ጀምሬ ደጅ ብርድ ላይ ነው የምቆመው።"

ስለዚህ ጓዶች፣ ነገ ቆርቆሮው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እኔ የቅርስ ጠበቃዋ አያቴ የካቡትን ግድግዳ ልበሳ ነው።

እናንተስ፣ እናታችሁ ስትጠብቃችሁ የት ሆና እንደሆነ ታውቃላችሁ?